መጽሐፉ ከእጅ ሲወጣ፦ የሥር ነቀል ጽሑፎች ገበያ ከአብዮቱ ዋዜማ እስከ ወረርሽኙ ዘመን

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። ሰዎች ተሰብስበው የፖለቲካ መጽሐፍ የሚሸጡበት፣ የሚገዙበትና በመጽሐፉ ዙሪያ የሚከራከሩበት ገበያ፣ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ምን ይሆናል? ጥያቄው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ በብዙ አገሮች ተነሥቷል። የለንደን የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ተሰረዘ፤ የፍራንክፈርቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በአመዛኙ በኢንተርኔት ተካሄደ። ሄይማርኬትን የመሳሰሉ የግራ ክንፍ አሳታሚዎችም አንዳንድ መጻሕፍታቸውን በዚያው በኢንተርኔት በነጻ አደሉ። ነገሩ አዲስ ዘመን የወለደው ተደርጎ ብዙ ተወርቶለታል። ለእኛ ግን ያን ያህል አዲስ አይደለም። መሰብሰብ ሲከለከል የፖለቲካ ጽሑፍ ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ አንባቢ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እጅግ በከፋ ሁኔታ አይቶታል።

አስቀድሞ ስለ ገበያው ራሱ ጥቂት ማለት ይገባል። የሥር ነቀል መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ከሌላው የመጻሕፍት ገበያ የሚለየው በሚሸጠው ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ለንደን ውስጥ በኢዝሊንግተን የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የተከፈተውን የጥቁርና የሦስተኛው ዓለም ሥር ነቀል መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ እንመልከት። ከአዘጋጆቹ መካከል የትሪኒዳዱ ተወላጅ ጆን ላ ሮዝና የጉያናዋ ተወላጅ ጄሲካ ሀንትሊ ይገኙበታል። መክፈቻውን ያደረገው ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ነው። ዐውደ ርእዩ እስከ 1995 ድረስ 12 ጊዜ ተካሂዷል። መጻሕፍቱን ከሌላ ስፍራም መግዛት ይቻል ነበር። በሌላ ስፍራ የማይገኘው ጸሐፊው፣ አሳታሚው፣ ገዢውና ተቃዋሚው በአንድ ጣራ ሥር ፊት ለፊት መቆማቸው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ዐውደ ርእይ ክርክር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ መጽሐፉ የክርክሩ ምክንያት ነው።

በእኛ አገር ይህ ክርክር የተጀመረው ያለ አዳራሽና ያለ ድንኳን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋና መድረኮቹ የተማሪ ማኅበራት መጽሔቶች ነበሩ፤ በአዲስ አበባ «ስትራግል»፣ በሰሜን አሜሪካ «ቻሌንጅ»፣ በአውሮፓ «ትግላችን»። የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣበት አጭር ጽሑፍ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በ«ስትራግል» ላይ ወጣ። ጽሑፉ በጣት የሚቆጠሩ ገጾች ያሉት ነው፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለጊዜው ተማሪ የቀረበና መልስ የሚጠብቅ ጽሑፍ ነበር። መልስም አገኘ፤ ተደገፈ፣ ተነቀፈ፣ በውጭ ባሉት ማኅበራት ጉባኤዎች ሳይቀር ለዓመታት አከራከረ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ከየካቲት 1966 ዓ.ም. በኋላ የነበሩት ሦስት ዓመታት ግን፣ በእኔ ግምት፣ አገራችን ያየችው ትልቁ የሥር ነቀል ጽሑፎች ዐውደ ርእይ ናቸው። በአንድ ስፍራ የተካሄደ አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ ነበር። ከሞስኮው ፕሮግሬስና ከፔኪንጉ የውጭ ቋንቋዎች ማተሚያ ቤት የሚመጡ፣ ለተማሪ ኪስ የማይከብዱ መጻሕፍት በየመደብሩና በየመንገዱ ዳር ተዘረጉ። «ዴሞክራሲያ» ከሐምሌ 1966 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ብዙም ሳይቆይ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»፣ በስቴንስል እየተባዙ ይበተኑ ጀመር። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በመንግሥት ጋዜጣ በ«አዲስ ዘመን» ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በተሰኘው ዐምድ ሁለቱ ወገኖች በብዕር ስም ሆነው በገሃድ ተሟገቱ።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዚህ ዘመን ሊያተርፍ የሚገባው የፖለቲካ ታሪኩን ብቻ አይመስለኝም። ዛሬ ያለ ሐሳብ የምንጠቀምባቸው ስንት ቃላት በዚያ ገበያ ተመዝነው ተሸጡ! ኅብረተሰብ፣ ርዕዮተ ዓለም፣ ንኡስ ከበርቴ፣ ተራማጅ፣ አድኃሪ፤ አንዳንዶቹ ያን ጊዜ የተፈጠሩ፣ ሌሎቹ ነባር ሆነው አዲስ ትርጉም የተሸከሙ ናቸው። የፋብሪካ ሠራተኛው ወዛደር ይባል ወይስ ላብ አደር የሚለው ክርክር ለዛሬ አንባቢ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። በጊዜው ግን ሰው የሚመርጠው ቃል ወገኑን ይናገርበት ነበር። ቃል እንዲህ ክብደት የሚኖረው ተናጋሪውን ዓይን ዓይኑን የሚያየው አድማጭ ሲኖር ነው።

ይህ ገበያ ወደ ገጠር የወጣው በዘማቾች ሻንጣ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በየአውራጃው በትኗል። ወሎ ገና ከ1965ቱ ረኃብ አላገገመም ነበር። ለዚያ ገበሬ የመሬት አዋጁን ምንነት ማስረዳት የነበረበት ወጣት፣ ከተማ ውስጥ ያነበበውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በገበሬው አማርኛ መልሶ መናገር ግድ ሆነበት። ይህ የትርጉም ሥራ በጽሑፍ አልቀረም፤ በቅጡ ያጠናነውም አይመስለኝም።

ገበያው የተዘጋበት ወቅት ይታወቃል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ተፈተሸች። የሚፈለገው የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና ማባዣም እንደ ጦር መሣሪያ ይፈለግ ነበር። ሰው መጽሐፉን በምድጃ አነደደ፣ ሽንት ቤት ጣለ፣ በጓሮ ቀበረ። ከዚያ በኋላ ጽሑፍ በኅቡዕ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ይሄድ ጀመር።

የእጅ ለእጅ ዝውውሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጽሑፉን የሚሰጥህ ሰው ሕይወቱን ይሰጥሃል፤ የምትቀበለውም ሕይወትህን አስይዘህ ነው። ስለዚህ ማንም ለማያምነው አይሰጥም፤ የሚያምነው ደግሞ አስቀድሞ በሐሳብ የሚስማማውን ነው። ክርክሩ በዚህ ሞተ። ኅቡዕ ጽሑፍ ዓላማን አቆይቷል፤ ተቃዋሚን ግን አያገኝም፤ አማኝን ብቻ ነው የሚያገኘው። ቀይ ሽብር በትውልዱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የምንቆጥረው በሞቱት ነው፤ ትክክልም ነው። የቀሩትስ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሳያነብ እንዲጠላ መለማመዳቸውስ በምን ይቆጠር?

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ ያመለጡት ቅጂዎች በድብቅ በውድ ዋጋ ተሸጡ። እዚህ ላይ የተላላፈው የድርጅት ልሳን ሳይሆን ልብ ወለድ ስለነበረ፣ አንባቢው የአንድ ወገን ሰው አልነበረም። ካድሬውም፣ ወታደሩም፣ ተማሪውም አነበበው። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ሳይታወቅ ቀረ። መጽሐፉ ግን በዚያ ዘመን ከነበሩት ጽሑፎች ሁሉ ይልቅ ዐውደ ርእይ የሚለውን ስም የሚገባው ይመስለኛል።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ ክርክሩ በትዝታ መልክ ተመለሰ። የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» የኢሕአፓን፣ የአንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» የመኢሶንን ታሪክ ይዘው ወጡ። በሕይወት ሳሉ በአንድ ክፍል መቀመጥ ያልቻሉ ሰዎች መጻሕፍት በአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ላስቲክ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ሻጩም ገዢው የትኛውን እንደሚያነሣ አይቶ ሌላውን ጨምሮ ያቀርብለታል፤ «ይኼንንም ካላየኸው አይሞላልህም» እያለ። ከዚህ የተሻለ የክርክር አዘጋጅ አላውቅም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ነገር ነበር። ወደ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ወደ ቦረናና ሳይንት፣ የሚመጣው መጽሐፍ አውቶብስ ላይ የወጣ ሰው በቦርሳው የያዘው ብቻ ነበር።

ወረርሽኙ ያገኘኝ መካነ ሰላም ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ትምህርት ተቋረጠ፤ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ፤ መጋቢት 30 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በእነዚያ ወራት አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አየሁ። ተማሪዎቼ በቴሌግራም ቡድን አቋቁመው የዚያን ዘመን ጽሑፎች በፒዲኤፍ ይቀባበሉ ጀመር። የ«ዴሞክራሲያ» ዕትሞች፣ የ«ስትራግል» ገጾች፣ የትዝታ መጻሕፍት፣ ሁሉም መጡ። አንዳንዱ ገጹ የጎደለ፣ አንዳንዱ የሻይ ብርጭቆ ክብ ማኅተም ያረፈበት ነው። በአንዱ ኅዳግ ላይ አንድ የማናውቀው አንባቢ በእርሳስ «ውሸት!» ብሎ ጽፎ ነበር። ኔትዎርክ ስለማይደርስ ለማውረድ ተረተር የሚወጡ ተማሪዎች ነበሩ። በ15 ዓመት የማስተማር ዘመኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያላገኘሁትን በሁለት ወር ውስጥ ስልኬ ላይ አገኘሁት።

ይህን በመናቅ የሚናገሩ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልንቅም። ዐውደ ርእዩ ቦረና የደረሰው ያን ጊዜ ነው፤ የተሰበሰበ ሰው ሳለ አንድም ቀን አልመጣም። በሕይወት ያሉ ደራስያን መጽሐፋቸው እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲዘዋወር መጎዳታቸው እውነት ነው። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅም የሚለው ግልጽ ነው፤ እኔም ተማሪዎቼን ስለዚሁ ገሥጬአለሁ። የ«ዴሞክራሲያ» ዕትም ግን ሲጻፍም እንዲባዛ ነው የተጻፈው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከሁሉ የበለጠ የተዘዋወረው የዋለልኝ ጽሑፍ ነበር። ጥቂት ገጽ ስለሆነ ለስልክ ይመቻል። ነገር ግን የመጣው ብቻውን ነው፤ አብረውት የወጡት ጽሑፎች የሉም፤ የተቃወሙት አልመጡም፤ ለማን እንደተጻፈ የሚያሳይ ሽፋን እንኳ የለውም። አንዱ ተማሪ የአገር ሁሉ መከራ ምንጭ አድርጎ፣ ሌላው እንደ ቅዱስ መጽሐፍ አድርጎ ጠቀሰው። ሁለቱ በስድብ ተለያዩ፤ ከቡድኑም ወጡ። ኅዳር 1962 ላይ ለክርክር የቀረበ የተማሪ ጽሑፍ ከ50 ዓመት በኋላ የክስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢሆን አይጣሉም ነበር አልልም፤ የእነዋለልኝ ትውልድ ፊት ለፊት ተቀምጦም ተጣልቷል። ሆኖም በስልክ ላይ ያን አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ፣ «ይኼንንም ካላየኸው» የሚለውን፣ አጣነው። ስልኩ የሚያቀርብልህ ቀድሞ የወደድከውን ነው።

መሰብሰቢያው የማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሁሉ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ማባዣ መኪና ለመፈለግ ቤት ለቤት መዞር ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ለመዝጋት ከአንድ ክፍል መውጣትም አያስፈልግም።

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው መቅደላ ስለዚህ የምታውቀው አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ብለው በአብዛኛው ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው ብራናዎች ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. በደላንታ ሜዳ ከሌላው ምርኮ ጋር በእንግሊዝ ወታደሮች መካከል በሐራጅ ተሸጡ፤ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ከኢትዮጵያ ብራናዎቹ ብዙዎቹን በዲጂታል ምስል ሲያወጣ «አሁን ለሁሉም ተዳረሱ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በደረሰበት የኮምፒውተር ጥቃት ምስሎቹ የሚታዩበት ገጽ ጠፋ፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሰም። ብራናዎቹ ያን ጊዜም ለንደን መደርደሪያቸው ላይ ነበሩ፤ እኛ ዘንድ ነው የጠፉት።

በዚያው በወረርሽኙ ክረምት፣ በ1967 ዓ.ም. ዘምተው የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ከአንድ ተማሪ ጋር ሄድን፤ አራት እንኳ አልሞላንም፤ በረንዳ ላይ ተራርቀን ተቀመጥን። ተማሪው ስልኩን አውጥቶ የ«ዴሞክራሲያ»ን ዕትም አሳያቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ፊደሉን በጣታቸው ሊነኩ ሲሉ ገጹ አለፈባቸው። ከዚያ ስለ ጽሑፉ አንድም ነገር ሳይናገሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ማን ሰጠህ?» አሉት።

«ማንም አልሰጠኝም ጋሼ፤ ግሩፕ ላይ ተለቆ ነው።»

መልሱን ያመኑት አልመሰለኝም። ወደ አጥሩ በር ዞር ብለው አዩና ስልኩን መለሱለት።