ክትባቱን ማን ይዞት መጣ? ከፈንጣጣ እስከ ኮቪድ

በዲላ ከተማና በዙሪያዋ ቀበሌዎች ለምንኖር እናቶች ሕፃን አዝሎ የክትባት ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነገር ነው። የኮቪድ ክትባት በመጣ ጊዜ ግን ልጆቻቸውን ሁሉ ያስከተቡ ብዙ ሴቶች ራሳቸው ለመከተብ አመነቱ። ነገሩን “አለማወቅ ነው” ብለው የሚያልፉት አሉ። እኛ የአገራችንን የክትባት ታሪክ ስንመለከት ሌላ እናያለን፤ ሰው የሚከተበው በሽታውን ሲያውቀው፣ ክትባቱን ይዞ የመጣውን ሲያምነውና ለመከተብ የሚያጠፋው ቀን ቤቱን የማይጎዳ ሲሆን ነው።

መከተብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዘመናዊው ክትባት ከመስፋፋቱ በፊት የአገር ባለሙያዎች ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በጥቂቱ በጣጥሰው ያስገቡ ነበር። ዘዴው ብዙዎችን ቢጠብቅም አንዳንዴ በሽታውን ራሱን ያዛምት ነበር። ስለዚህ ጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር ሕዝቡ የራሱ ልማድና የራሱ ከታቢዎች ነበሩት። በዚያ ላይ በእኛ አገር የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት በእስያ እንደታየው ብዙ ሰው የሚገድል አልነበረም፤ ከመቶ ሕመምተኞች የሚሞቱት ጥቂት ስለነበሩ ብዙ ሰው አጥብቆ አልፈራውም።

በዘመቻው የመጀመሪያ ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። መንገድ በሌለበት በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር የተጓዙት ሠራተኞች በብዙ ቦታ እምቢታ ገጠማቸው፤ ጥቃት የደረሰባቸውም ነበሩ። ውጤት ያመጣው ስልት የታመመውን ፈልጎ አግኝቶ በዙሪያው ያሉትን መከተብ ነበር። ለዚህ ደግሞ ማን ቤት ሰው እንደታመመ የሚያውቅና የሚናገር የሰፈር ሰው የግድ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ተገኘ፤ ሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኑ ታወጀ።

በዚያው ዓመት በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ተጀመረ። እየሰፋ የሄደው ግን ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ ሲመድብ ነው። በጌዴኦ ገጠር ክትባት ይዛ የምትመጣው ጌዴኡፋ የምትናገር፣ ቡና ሲፈላ የምትጠራ፣ ለቅሶ ቤት አብራን የምትቀመጥ የምናውቃት ልጅ ሆነች። እናት ልጇን የምታስከትበው የክትባቱን ስም ሁሉ አጥንታ ሳይሆን ይህችን ልጅ አምና ነው።

ኮቪድ ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክትባቱ መሰጠት ጀመረ፤ ቀድሞ የገባው 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት ነው። ቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎም ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው መሰጠቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ወጣቶች “ለእኛ አይደለም” ብለው እንዲያስቡ መንገድ ከፈተ። በዚያው ሰሞን አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ከደም መርጋት ጋር በተያያዘ ክትባቱን ለጊዜው ማቆማቸው ተሰማ። ወሬው በስልክ በአንድ ቀን ደረሰ፤ ማብራሪያው ግን ዘገየ። በመካከሉ መካን ያደርጋል፣ የ666 ምልክት ነው የሚለው ቦታውን ያዘ።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ዘመቻ ሲካሄድ ደግሞ በጌዴኦ የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ከክትባቱ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ክንድ ማመምና ማተኮስ የተለመደ ነው። በለቀመችው ልክ ለሚከፈላት ሴት ግን ሁለት ቀን መተኛት የቤት አስቤዛ ነው። ይህች ሴት ክትባት ጠላች ማለት አይደለም፤ ሒሳቧን ሠርታለች።

ይህ ታሪክ ያለፈ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። መከላከያው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሮ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሆነ። “መካን ያደርጋል” የሚለው ወሬ ግን እዚህም አልቀረም፤ አሁን የሚነካው ሴት ልጆቻችንን ነው።

ስለዚህ ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን የምንለው ይህን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘመቻ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን አስቀድማ በቁጠባ ስብሰባችን ላይ ትገኝ፤ ስለ ትኩሳቱም ሳትደብቅ ትንገረን። ቀኑ ሲወሰን የለቀማው ወቅት ይታሰብ። ደጋፊዎቻችንም ለመድኃኒትና ለማቀዝቀዣ የምታደርጉትን እገዛ እያመሰገንን፣ በሁለት ዘመቻዎች መካከል ያሉትን ጸጥ ያሉ ወራት እንዳትረሱ እንጠይቃለን። አመኔታ የሚገነባው ወረርሽኝ በሌለበት በእነዚያ ወራት ነው።