እስቲ አሰማኝ

በአባቴ ንባብ ቤት አንድ ልጅ ስንት ወር እንደተማረ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ለደብሩ ጉዳይ የመጣ እንግዳ ደጃችን ላይ የተኮለኮሉትን ልጆች ሲያይ «የት ደረስህ?» ይላል። መልሱ የመንደር ስም ይመስል ነበር፤ «አቡጊዳ»፣ «ፊደለ ሐዋርያ»፣ «ወንጌል»፣ «ዳዊት»። ሁለት ዓመት አቡጊዳ ላይ የቆየ ልጅ ነበረ፤ ከእሱ ኋላ መጥቶ ዳዊት የጀመረም ነበረ። ሁለቱም በአንድ ቁርበት ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል የሚባል ነገር ስለሌለ ወደቀ የሚባል ልጅም አልነበረም፤ ያልደረሰ ልጅ ብቻ ነበር።

ይህን ያነሳሁት እኔም ባለፈው ወር ለራሴ አንድ ቃል ገብቼ ስለነበር ነው። ውዳሴ ማርያምን፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ሰባቱንም ክፍል፣ በቃሌ ለመያዝ አሰብኩ። ማለዳ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ተቀምጬ አጠናለሁ፤ ታክሲ ስጠብቅ በከንፈሬ እደግመዋለሁ። ወሩ ሞላ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም እንዲህ ያለ ነገር ይይዛሉ፤ አንዷ በእግር መሄድ፣ አንዱ እንግሊዝኛ። ወሩ ሲያልቅ ስልካቸውን ያወጡና ያላቋረጡባቸውን ቀናት ይቆጥራሉ። እኔ ግን የየኔታ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ሌላ መመዘኛ እየሰማሁ ነው። ያ መመዘኛ ጨርሶ ከመረሳቱ በፊት እንዴት ይሠራ እንደነበር ልጽፈው እፈልጋለሁ።

አባቴ ያስተምሩ የነበሩት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንዲት የገጠር ደብር ነው። ልጆቹ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይመጣሉ። ፊደል ቆጣሪው ገበታውን ጭኑ ላይ አድርጎ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ «ሀ» ይላል። መጀመሪያ በተርታው ይቆጥራል። ተርታው በቃሉ ሲገባ ግን ዓይኑ ፊደሉን ሳያይ አፉ መሮጥ ይጀምራል። አቡጊዳ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ የለመደው ተርታ ተፈትቶ ፊደላቱ በሌላ ቅደም ተከተል ይሰደራሉ፤ ያወቀ የመሰለው ልጅ በእርግጥ ያወቀው የትኛውን እንደሆነ እዚያ ይለያል። ይህን ያሰቡት ሊቃውንት እነማን እንደሆኑ አላውቅም። ነገር ግን ልጆቼ በትምህርት ቤት ከተፈተኑት ፈተና ሁሉ የአቡጊዳን ያህል የረቀቀ አላየሁም።

ከአቡጊዳ በኋላ የዮሐንስ መልእክት ይከፈታል፤ ልጆቹ ፊደለ ሐዋርያ የሚሉት እሱን ነው። ያው አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ ይነበባል። ቁጥር ሲባል ልጁ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ይጠራል። ከዚያ ግእዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ ይመጣል። ቁም ንባብ ላይ ቃሉ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ተጣይ ይሁን ሰያፍ ለይቶ እንደ ሕጉ ማንበብ አለበት። አንዱን ገጽ በአራቱም መንገድ ሳይወጣው ወደሚቀጥለው የሚያልፍ ልጅ የለም። የያዙትን ተመልሶ ማየት ለወሩ መጨረሻ የሚቀጠር ጉዳይ ሳይሆን ራሱ ትምህርቱ ነበር።

አባቴ በረንዳው ላይ፣ በመደቡ ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ጭራቸውን በዝግታ ያወዛውዛሉ። ልጆቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የራሱን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። አንዱ «ለ ሉ ሊ» ሲል ሌላው ወንጌል ያወርዳል፤ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። እንግዳ ሰው ጫጫታ ነው የሚሰማው። ድንገት ጭራው ይቆማል። አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ የልጁን ስም ይጠሩና «መልሰው» ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዲት ላልታ መነበብ የነበረባት ፊደል ጠብቃ ተነብባ ነበር። ልጁ ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሣል። ጭራው እንደገና መወዛወዝ ሲጀምር ልክ መሆኑን ያውቃል፤ ሌላ ምስጋና አይጠብቅም።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት አንዱ የመጽሐፍ እጦት ይመስለኛል። የአባቴ ዳዊት ከአባታቸው የወረሱት ብራና ነበር። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ስንት ቆዳ መፋቅና መወጠር እንዳለበት፣ ጸሐፊውም ስንት ወር እንደሚጎብጥበት የሚያውቅ ሰው መጽሐፍ በየቤቱ እንዲኖር አይጠብቅም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የታተሙ መጻሕፍት እየበዙ ቢሄዱም፣ እኛ ደብር ልጆቹ ተራ እየጠበቁ የሚያነቡት ያንኑ ብራና ነበር። የቅጠሎቹ ጠርዝ በጣት ብዛት ጠቁሮ ነበር። ስለዚህ ልጁ ከገጹ የወሰደውን ይዞ ካልሄደ ነገ ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ነገር የለውም። የያዘው በአፉ ያለውን ብቻ ነው።

ሲመሽ ደግሞ የቃል ትምህርት ይጀመራል። ለዚህ መብራት አያስፈልግም። ገበታውና ብራናው ተሰብስበው በጨለማ ውስጥ አባቴ ይላሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ የሚጠኑት በዚህ ሰዓት ነው። አዲስ ቀለም ከመቀበሉ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የትናንቱን ያሰማል፤ «እስቲ አሰማኝ» ይላሉ አባቴ። ከትናንቱ ላይ የጎደለ ካለ የዛሬው አይሰጠውም። ዳዊት የጨረሰ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው፣ ለየኔታ እንደ አቅማቸው ስጦታ አቅርበው ይመረቃል። ያ ቀን ለብዙ ገበሬ ልጅ የትምህርቱ መጨረሻ ነበር፤ ደብዳቤ የሚያነብ፣ ውል የሚጽፍ ሰው ሆኖ ወደ እርሻው ይመለሳል።

የቀረው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ቅኔ ቤት ፍለጋ ይወጣል። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትረካ ሰብስበው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ» የዚያን ሕይወት ያሳያል፤ አባቴ ያን መጽሐፍ ሲያገኙ እንደ ዘመድ ደብዳቤ ነው ያነበቡት። ቅኔ ቤት ደግሞ መለኪያው ይጠብቃል። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በሦስት ቤት ዘአምላኪየ፣ በአምስት ቤት ዋዜማ፣ በስድስት ቤት ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የትናንት ቅኔ ዛሬ አይቀርብም። በየቀኑ አዲስ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል ወይም ያፈርሱታል። ዜማ ቤት የገባው ደግሞ የራሱን ድጓ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ ለዓመታት ደክሞ ሲዘልቀው ማስመስከሪያው ደቡብ ጎንደር ያለችው ቤተልሔም ናት። እዚያ የሚጠየቀውም ያው ነው፤ የያዝከውን አሰማ።

የአባቴን ቤት ስለምወደው ጉድለቱን አልሸፍንም። ልምጭ ነበር፤ ብዙም ይሠራ ነበር። ልጆቹ ዳዊቱን ከጫፍ ጫፍ ሲያወርዱት ትርጉሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ የግእዙ ምሥጢር የሚፈታው ዘግይቶ፣ ቅኔ ቤት ለደረሰው ብቻ ነበር። እዚያ ሳይደርስ የተመለሰው ዕድሜውን ሙሉ የማይገባውን ጸሎት ሲደግም ይኖራል። ይህ ትልቅ ብክነት ነው። ሁሉንም የሚበልጠው ግን ቁርበቱ ላይ ሴት ልጅ አለመቀመጧ ነው። እኔ የየኔታ ልጅ ሆኜ ፊደል የምሰማው ጓዳ ሆኜ፣ እናቴ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

የማይቻል ተደርጎ የተቆጠረው የሴት ትምህርት የሚቻል ለመሆኑ ምስክር ነበር፤ ያውም በራሳችን አገር በጎጃም። ጽላሎ ላይ ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው አያይም ነበር። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጅቱ ገበታ ሳትይዝ፣ ብራና ሳታይ በጆሮዋ ተምራ ተቀኘች፤ በኋላም የአባቷን ወንበር ወርሳ ወንዶቹን ተማሪዎች አስቀኘች። ስለ እሳቸው ሲነሣ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷስ ሊቅ ናት» ይሉ ነበር። እኔን ግን ነይ ተቀመጪ አላሉኝም። ይህን በቅሬታ ነው የምጽፈው፤ ዛሬም ያመኛል።

ፊደል የቆጠርኩት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተጀመረ፤ እየሰፋ ሄዶም በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ። እኛ ቀበሌ ዘማቾቹ ገበታ አጥሯቸው አባቴ የራሳቸውን አዋሷቸው። እናቴም ገባች፤ እኔም ከጎኗ። እናቴ ፈተናውን አልፋ የምስክር ወረቀት ተቀበለች፤ ስሟንም ጻፈች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ዩኔስኮ እንኳ አገራችንን በ1980 እ.ኤ.አ. በመሠረተ ትምህርት ሸልሟታል፤ ይገባትም ነበር።

ግን ዘማቾቹ ሄዱ። የእናቴ ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር አልቀረም፤ በየሳምንቱ «እስቲ አንብቢልኝ» የሚላትም የለም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፊደሉ አንድ በአንድ ጠፋባት፤ ዛሬ የምትለየው በስሟ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። በብዙ ቀበሌ የሆነው ይኸው ነው። የምስክር ወረቀቷ አሁንም ሳጥኗ ውስጥ አለ። በሌላ በኩል ውዳሴ ማርያምን ማንም አላስተማራትም፤ ማንም አልፈተናትም፤ በግድግዳው ማዶ ልጆቹ በየምሽቱ ሲያሰሙ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲመልሱ ለዓመታት ሰምታ ሰባቱንም ቀን አንዲት ቃል ሳትጎድል ትወጣዋለች። አንዱ በፈተና ተመዝኖ ጠፋ፤ ሌላው ሳይመዘን፣ በመደጋገም ብቻ ቀረ። ስለ ወር ዕቅድ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ይህ ነው። ወረቀቱ የሚናገረው እናቴ አንድ ቀን ያወቀችውን ነው፤ ዛሬ የምታውቀውን ማንም መጥቶ አልጠየቀም።

አባቴም ቢሆኑ ከዚህ ሕግ ውጭ አልነበሩም። መምህር ከሆኑ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ዳዊታቸውን በየሳምንቱ ያደርሱ ነበር። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ መኃልየ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። በልጅነታቸው የጨረሱትን መጽሐፍ በየሰኞው ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። «ያውቁት የለም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የማውቀውማ ስለምደግመው ነው» አሉኝ።

ወሬ እንዳላረዝም፣ ወሩ ሲሞላ እማዬ ዘንድ ቀረብኩ። አሁን አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። ወሩን ሙሉ ስቀመጥ አይታኛለች፤ በርትተሻል ማለት ትችል ነበር። ያለችው ግን «እስቲ አሰሚኝ» ብቻ ነው። ሰኞን ጀመርኩ፤ ጣቶቿ ምስሩን እየበተኑ ጠጠሩን እያወጡ ቀጠሉ። ሰኞ አለቀ። ማክሰኞ መካከል ላይ ጣቷ ቆመ። «መልሺው» አለች። መለስኩት፤ እዚያው ቦታ እንደገና ቆመ። ረቡዕን ጣቷ ሳይቆም ሰማችኝ። ሐሙስ ከግማሽ በኋላ ቃሉ እየተቀላቀለብኝ ከዓርቡ ጋር ተያያዘ፤ የቀረውን ማሰማት አላስፈለገኝም።

በእኔ ሒሳብ ሰባቱንም ይዤ ነበር፤ ማለዳ ለብቻዬ ስለው ሁሉም ይወርድልኛል። በእማዬ ሒሳብ ሰኞና ረቡዕ አሉኝ። የምቀበለው የእሷን ነው። ለብቻዬ ስደግም የተሰናከልኩባትን ቃል ዘልዬ ማለፌን የሚሰማ ጆሮ አልነበረም፤ አባቴ ልጆቹን ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ ያስገደዱበት ምክንያት አሁን ነው በደንብ የገባኝ። ዓርብን ቢያንስ ልሞክር ስላት ጠጠሩን ወዲያ እየጣለች «ማክሰኞ ሳይሞላ ዓርብን ማን ንኪ አለሽ?» አለችኝ።

ስለዚህ ለሚመጣው ወር የያዝኩት ዕቅድ ካለፈው ያነሰ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ። በየምሽቱ እራት ሲነሣ ለእማዬ አሰማለሁ፤ ሰኞንና ረቡዕንም አብሬ አደርሳለሁ። ታናሿ ልጄም ሰኞን ከእኛ ጋር ጀምራለች። ትርጉሙን በአማርኛ እየነገርኳት ነው የምትይዘው፤ በአባቴ ቤት ያልነበረውን ይህን አንዱን ጨምሬበታለሁ።