የካውማን እናቶች፦ ከቁርኣን ሐልቃ የተወለደው የዓኢሺያህ ታሪክ



ስለ ሶደቃ ታሪክ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ሀብታም ነጋዴዎችን፣ ሱልጣኖችንና ትላልቅ ወቅፎችን ነው። ዛሬ ወደ አንዲት ጠባብ ሰፈር እንውሰዳችሁ። ሰፈሯ ካውማን ትባላለች። በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት፣ በዮግያካርታ ከተማ ከሱልጣኑ ታላቁ መስጂድ አጠገብ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት በዚህች ሰፈር የነበሩ ሴቶች የጀመሩት ማኅበር ዛሬ ሆስፒታሎችንና ዩኒቨርሲቲን ያስተዳድራል። ማኅበሩ ዓኢሺያህ ይባላል። ስያሜው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተወሰደ ነው።

ወደ ካውማን ከመዝለቃችን በፊት ግን አንድ ነገር እናስታውስ፤ አለበለዚያ ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ፈጠራ ሊመስለን ይችላል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዘገቡትና ቡኻሪና ሙስሊም ባሰፈሩት ሐዲሥ እንደምናውቀው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን ሰግደውና ኹጥባ አድርገው ከጨረሱ በኋላ ቢላልን ይዘው ወደ ሴቶቹ ሄዱ። መከሯቸው፤ በሶደቃም አዘዟቸው። ቢላል ልብሱን ዘረጋ። ሴቶቹም የጆሮ ጌጣቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ ልብሱ ላይ ይጥሉ ጀመር። ብዙ ዑለማዎች ከዚህ ሐዲሥ አንድ ትልቅ ሑክም አውጥተዋል። ሴት ከራሷ ንብረት ሶደቃ ስትሰጥ የባሏን ፈቃድ መጠበቅ አይጠበቅባትም፤ ምክንያቱም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እነዚያን ሴቶች «ባሎቻችሁን አስፈቅዳችኋል ወይ?» ብለው አልጠየቁም። ኢማሙ ማሊክ ከንብረቷ ሲሶ በላይ ሲሆን የተለየ አስተያየት አላቸው። መሠረቱ ግን እንዳለ ነው፤ ንብረቱ የሷ ነው።

ሌላም አለ። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በእጃቸው እየሠሩ ሶደቃ ይሰጡ ነበር። የኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብም ገንዘባቸውን ለባላቸውና በእጃቸው ላሉ የቲሞች ሲያወጡ ሶደቃ ይሆንላቸው እንደሆነ በቢላል በኩል አስጠይቀው፣ እጥፍ አጅር እንዳለው ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ሠርታ የምታገኝና የምትሰጥ ሙስሊም ሴት በታሪካችን እንግዳ አይደለችም። የካውማን ሴቶች ያመጡት አዲስ ነገር በየግል ይደረግ የነበረውን ይህን ሥራ በአንድ ላይ፣ በመዝገብ፣ በኃላፊና በዕቅድ ማድረጋቸው ነው።

አሁን ወደ ሰፈሯ እንግባ። ጊዜው አገሪቱ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችበት ነው። የካውማን ወንዶች ብዙዎቹ የታላቁ መስጂድ ኢማሞች፣ ኸጢቦች፣ ሙአዚኖችና የሱልጣኑ የሃይማኖት ሹሞች ነበሩ። ሰፈሯን በገንዘብ ያቆማት ግን የባቲክ ሥራ ነው። ባቲክ ማለት በቀለጠ ሰም ጨርቅ ላይ ሥዕል እየሳሉ ቀለም ውስጥ የሚነክሩት፣ ሰሙ የሸፈነው ቦታ ቀለሙን ሳይጠጣ ሲቀር ሥዕሉ የሚወጣበት የጃቫ ጨርቅ ነው። ሰሙን ትንሽ አፍ ባላት የመዳብ መሣሪያ ጠብ እያደረጉ በትዕግሥት የሚስሉት በአመዛኙ ሴቶች ነበሩ። ሥራውን ከቤታቸው ሆነው የሚመሩ፣ ሠራተኛ የሚቀጥሩ የካውማን ሴቶችም ነበሩ። ይህን ነጥብ አትርሱት። እነዚህ ሴቶች ገንዘብ ያውቁ ነበር፤ ቆጥረው ይቀበሉ፣ ቆጥረው ይከፍሉ ነበር።

በዚህች ሰፈር እ.ኤ.አ በ1872 ሲቲ ዋሊዳህ ተወለዱ። አባታቸው ዓሊም ነበሩ። በዘመኑ ለሴት ልጅ መድረሳ ስላልነበረ ቁርኣንንና ዲናቸውን የተማሩት በቤታቸው ነው። የአጎታቸውን ልጅ ሙሐመድ ደርዊሽን አገቡ። ደርዊሽ ከሐጅ በኋላ አሕመድ ዳህላን በሚል ስም ይታወቃሉ፤ የታላቁ መስጂድ ኸጢብና የባቲክ ነጋዴ ነበሩ። እ.ኤ.አ ኅዳር 18 ቀን 1912 ሙሐመዲያ የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት እሳቸው ናቸው።

ስለ ዳህላን በኢንዶኔዥያ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። ለደረሶቻቸው ሱረቱል ማዑንን ያስቀራሉ። በማግስቱም ያችኑ ሱራ። በሌላውም ቀን ያችኑ። ደረሶቹ ሰለቻቸውና «ሸይኽ፣ ይህችን እኮ ሐፍዘናታል፤ ለምን ወደ ሌላ አናልፍም?» ሲሉ ጠየቋቸው። እሳቸውም «ሠርታችሁባታል ወይ?» ብለው መለሱላቸው፤ ከዚያም ሚስኪን ፈልገው እንዲያበሉና እንዲያለብሱ ላኳቸው። ታሪኩ የሚነገረው ስለ ወንዶቹ ደረሶች ነው። እኛን ግን የሱራዋ የመጨረሻ ቃል ይዞናል። «ማዑን» ምን እንደሆነ ሲያብራሩ ኢብኑ መስዑድና ሌሎችም ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱት ዕቃ ነው ብለዋል፦ ድስት፣ ባልዲ፣ መጥረቢያ። ይህ እንግዲህ በየጓዳው ያለ ነገር ነው። ጎረቤት ለጎረቤት የምታውሰው ድስት በዲን ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ከሴቶች በላይ ማን ያውቃል?

ሲቲ ዋሊዳህ እ.ኤ.አ በ1914 ገደማ የሴቶች የቁርኣን ሐልቃ ጀመሩ። ስሙን በጃቫኛ «ሶፖ ትረስኖ» አሉት፤ «ማን ይወዳል?» እንደ ማለት ነው። ባልና ሚስቱ እየተቀባበሉ አያት ያስቀራሉ፤ ትርጉሙን ያብራራሉ። ከዚህ ጋር ለባቲክ ሠራተኛ ሴቶች የተለየ ትምህርት ነበር። እነዚህ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሰምና ቀለም ላይ ስለሚውሉ የቀን ትምህርት አይመቻቸውም። ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ ይማሩ ነበር፤ የመግሪብ ትምህርት ቤት ተብሎም ተጠርቷል። ማንበብና መጻፍን፣ ሰላትንና የዲን መሠረቶችን ያገኙት እዚያ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን። መጀመሪያ የመጣው ሐልቃው ነው፤ ማኅበሩ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ እኛ የምናደርገው የተገላቢጦሹን ነው። አንድ ችግር ሲከሰት መዋጮ እንጠራለን፤ ችግሩ ሲያልፍ ጀመዓውም ይበተናል። የካውማን ሴቶች ሳጥን ከማዘጋጀታቸው በፊት ለሦስት ዓመት ያህል አብረው ተቀምጠው ቀርተዋል። አንዷ የሌላዋን ቤት፣ ድካምና አማና አውቃለች።

እ.ኤ.አ ግንቦት 19 ቀን 1917፣ በሂጅራ አቆጣጠር ረጀብ 27 ቀን 1335፣ የኢስራእ ወል ሚዕራጅ መታሰቢያ በሚደረግበት ዕለት ዓኢሺያህ በይፋ ተመሠረተ። ስሙ ሲመረጥ «ፋጢማ» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር ይባላል። በመጨረሻ የጸናው ግን የዓኢሻ (ረ.ዐ) ስም ነው። ባለቤታቸው ኪያይ ዳህላን ሙሐመዲያን እየገነቡ፣ ጎን ለጎን ደግሞ በእናታችን ዓኢሻ ስም የሚጠሩ ሴቶች መሰባሰባቸው ያጋጣሚ ምርጫ አይመስለንም።

የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር ማን እንደሆነች ብትጠየቁ ሲቲ ዋሊዳህ እንደምትሉ እንገምታለን። አይደሉም። ሲቲ በሪያህ የምትባል የካውማን ወጣት ናት። ሐልቃውን የጀመሩት እናት ወንበሩን ለወጣቷ ለቀቁ፤ እሳቸው በኋላ መርተዋል። በየማኅበሩ ወንበር ላይ ሃያ ዓመት የሚቀመጡ ትላልቆቻችንን እያሰብን ይህን ስናነብ ትንሽ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ሥራው በፍጥነት ሰፋ። እ.ኤ.አ በ1919 ለሕፃናት አፀደ ሕፃናት ከፈቱ። የአገሩ ተወላጆች ራሳቸው ካቋቋሟቸው አፀደ ሕፃናት ቀዳሚው እንደሆነ ይቆጠራል። በኋላ ስሙ «ቡስታኑል አጥፋል» ተባለ፤ የሕፃናት አትክልት ስፍራ ማለት ነው። ከተለያየ ቦታ ለሚመጡ ልጃገረዶች ማደሪያ ተዘጋጀ። ሲቲ ዋሊዳህ ልጃገረዶችን ያለ ፈቃዳቸው መዳርን በግልጽ ይቃወሙ ነበር፤ ይህ በዘመኑ ቀላል ንግግር አልነበረም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እዚያው ካውማን ውስጥ የሴቶች ብቻ የሆነ መስገጃ ተሠራ፤ እስከ ዛሬም አለ። ሴት ለሴቶች ኢማም ሆና ታሰግድበታለች። ይህን ሰምቶ ግንባሩን የሚቋጥር ወንድም ካለ፣ ዓኢሻና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሴቶችን ማሰገዳቸው መዘገቡን ወደ ኪታቡ ተመልሶ ይመልከት።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ የጃቫን ባህል ማወቅ ይጠቅማል። በጃቫ መንደሮች ጂምፒታን የሚባል ልማድ አለ። እያንዳንዱ ቤት በጣት ጫፍ የምትቆነጠር ሩዝ ወይም ሳንቲም ከደጁ በተንጠለጠለች ዕቃ ውስጥ ያኖራል፤ በሌሊት የሚዞሩት የሰፈር ጠባቂዎች ይሰበስቡታል፤ ለሰፈሩ ጉዳይም ይውላል። ማንም ድሃ ነኝ ብሎ አይቀርም፤ ቁንጥር ሩዝ የማታጣ ጓዳ የለችምና። በጥቂቱ ግን ሳያቋርጡ መስጠትን ሕዝቡ አስቀድሞ ለምዶት ነበር ማለት ነው። ዓኢሺያህ በዚህ ላይ የጨመረው አደረጃጀት ነው። ከሰፈር እስከ ማዕከል የሚዘልቅ የቅርንጫፍ መዋቅር አለው፤ በየእርከኑ ሴት ኃላፊዎች አሉት። ከሙሐመዲያ ጋር አንድ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ የራሱን አመራርና ተቋማት ይዞ ቆይቷል።

ለእኛ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። በየከተማችን መስጂድ ሲሠራ የወርቅ ሐብላቸውን አውልቀው የሚሰጡ እናቶች ሞልተዋል፤ የቢላል ልብስ ዛሬም እንደተዘረጋ ነው። ነገር ግን ወርቁ ተሽጦ ምን ላይ እንደሚውል በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ስንቶቹ አሉ? ሲሚንቶው፣ ምንጣፉና ድምፅ ማጉያው ተገዝቶ ሲያበቃ የሴቶች መስገጃው በር ጠባብ፣ ውዱእ ማድረጊያውም ጎዶሎ ሆኖ የሚገኝበትን ቦታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሐረር ከወንዶቹ አፎቻ ጎን ለጎን ሴቶቹ የራሳቸው አፎቻ ያላቸው መሆኑ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ራሳቸው ተሰብስበው ራሳቸው መወሰናቸው፣ ነገሩ በአገራችንም መሠረት እንዳለው ያሳያል። ሰጪዋና ወሳኟ አንድ ስትሆን ገንዘቡ የሚሄደው እሷ የምታውቀው ችግር ዘንድ ነው። የካውማን ሴቶች መጀመሪያ ከሠሯቸው ነገሮች መካከል አፀደ ሕፃናትና የሴቶች መስገጃ መኖራቸው ከዚህ የተነሳ ነው ብለን እናምናለን። ከቤት ውጭ የምትሠራ እናት ልጇን የት እንደምታውል ማሰብ የሚጀምረው ከእናት ነውና።

ኪያይ ዳህላን እ.ኤ.አ የካቲት 23 ቀን 1923 ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ብዙ ማኅበራት መሥራቹ ሲሞት አብረው ይቀበራሉ። ሲቲ ዋሊዳህ ግን እ.ኤ.አ በ1926 በሱራባያ የተካሄደውን 15ኛውን የሙሐመዲያ ጉባኤ መሩ፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ጋዜጦች በሰፊው ዘገቡት፤ በሌሎች ደሴቶችም ቅርንጫፎች ተከፈቱ። በዚያው ዓመት «የዓኢሺያህ ድምፅ» የተባለው መጽሔት መታተም ጀመረ። እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 1928 በዮግያካርታ በተካሄደው የመጀመሪያው የኢንዶኔዥያ ሴቶች ጉባኤም ዓኢሺያህ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር። ጉባኤው የተከፈተበት ታኅሣሥ 22 ዛሬ በኢንዶኔዥያ የእናቶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከሁሉም የከበደው ፈተና የመጣው ከጃፓን ወረራ ጋር ነው። እ.ኤ.አ በ1943 የወረራው አስተዳደር ዓኢሺያህ በሴቶች ጉዳይ ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። በየትምህርት ቤቱም ተማሪዎች ለፀሐይ እንዲሰግዱና የጃፓን መዝሙር እንዲዘምሩ ይገደዱ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሲቲ ዋሊዳህ የማኅበራቸው በር ሲዘጋባቸው ወደ ትምህርት ቤቶቹ ገቡ፤ ልጆቹን ከዚህ ሽርክ ለመጠበቅም ታገሉ። በቁርኣን ሐልቃ ተጀምሮ የነበረው ሥራ ተውሒድን ወደ መጠበቅ ደረሰ ማለት ነው። የነፃነት ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ ቤታቸውን ለተዋጊዎች ምግብ የሚበሰልበት ማዕድ ቤት አደረጉት። ድስትና ባልዲ፣ ያው ማዑን።

ሲቲ ዋሊዳህ እ.ኤ.አ ግንቦት 31 ቀን 1946 አረፉ፤ የተቀበሩትም በካውማን ታላቁ መስጂድ ጀርባ ነው። ረሒመሃላህ። አገራቸው እ.ኤ.አ በ1971 ብሔራዊ ጀግና ብላ ሰየመቻቸው። መጽሔቱ እስካሁን ይታተማል፤ የማኅበሩ አፀደ ሕፃናት በሺዎች ይቆጠራሉ። በዮግያካርታ ደግሞ በዓኢሺያህ ስም የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ነርሶችንና አዋላጆችን ያስተምራል።

ወላሁ አዕለም።