ከእውነተኛው ትርጉም በፊት የሚመጣው ሐሰተኛ ትርጉም

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር አማርኛ ለመጻፍ የሞከራችሁ ሁሉ አንድ ነገር እንደማትዘነጉ እርግጠኛ ነኝ። ከወዳጅ በዲስኬት የተላከ ጽሑፍ ሲከፈት፣ በፊደላችን ፈንታ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆ ይመጣ ነበር። የዚህም ምክንያት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪ ለፊደላችን የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በ345 ምልክቶች ሲመዘግብ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ መለያ ተገኘ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን በስሕተት ስለመጣ ሳይሆን ሆን ተብሎ ስለሚፈጠር ትርምስ ነው።

እንደሚታወቀው አብዛኛው ሶፍትዌር መጀመሪያ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው። ቀደም ሲል የነበረው ልማድ ፕሮግራሙን ጨርሶ ለተርጓሚዎች መስጠት ነበር። ጉዱ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ሲተረጎሙ እጥፍ ሊረዝሙ ስለሚችሉ ከተመደበላቸው ቦታ ይተርፋሉ። አንዳንዱ ቃል ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ ስለቀረ ተርጓሚው ጭራሽ አያገኘውም። ያንኑ ጉድለት ጀርመንኛው፣ ዐረብኛውና ጃፓንኛው በየተራ ያገኙታል፤ ዕርማቱም ዘግይቶ ይመጣል፤ ወጪውም ይበዛል።

ባለሙያዎቹ ለዚህ ያገኙት መላ ሐሰተኛ ትርጉም ማዘጋጀት ሆነ። ሥራውን የሚሠራው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደል ምልክት በተጫነበት መሰሉ ይተካል፣ ቃሉን ያስረዝማል፣ ግራና ቀኙንም በቅንፍ ያጥራል። በእኛ ፊደል ብናስበው «ሰነድ ክፈት» የሚለው «[ሠነነድ ክፈፈት አንድ ሁለት]» እንደ ማለት ነው። መልኩ ተለውጧል፤ ሆኖም ይነበባል። የመዝጊያው ቅንፍ ካልታየ ጽሑፉ ተቆርጧል ማለት ነው። ሳይለወጥ የቀረ ቃል ከታየ ለተርጓሚ ያልቀረበ ቃል አለ ማለት ነው። ቅንፍ በዓረፍተ ነገር መካከል ብቅ ካለም ዓረፍተ ነገሩ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበውን ዊንዶውስ ቪስታን ሲሠራ ይህን ዘዴ ተጠቅሟል። ያዘጋጃቸው ሐሰተኛ ቋንቋዎች ሦስት ነበሩ፤ አንዱ በላቲን ፊደል፣ ሁለተኛው እንደ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ፣ ሦስተኛው ለምሥራቅ እስያ ቋንቋዎች መፈተኛ ነበር። በኋላም ጎግል በአንድሮይድ ስልክ ላይ ተመሳሳይ መፈተኛ አስገብቷል።

ይህ እኛን ምን አገባን ትሉ ይሆናል። በእጅጉ ያገባናል። እንግሊዝኛ ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን «ፋይሉን ሰርዝ» ብሎ ግሡን ወደ መጨረሻ ያመጣል፣ በስሙም ላይ «ን» ይጨምራል። ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሊቃና አይችልም። ከዚህም ሌላ በተለመደው ዩቲኤፍ ስምንት አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ሰባት ፊደል 21 ባይት ስለሚፈልግ፣ 20 ባይት ብቻ ከተመደበለት «ያ» ውጭ ትቀራለች።

ትልልቅ ገበያ ያላቸው ቋንቋዎች ቢበላሹባቸው ጩኸታቸው ይሰማል፤ ዕርማቱም ይፈጥንላቸዋል። አማርኛ ግን ብዙ ጊዜ ከወረፋው መጨረሻ ነው። እኛ እስክንደርስ ቤቱ ተሠርቶ በሩ ጠብቦ ከቆየ ለእኛ ሲል ግድግዳውን የሚያፈርስ አይገኝም። ማንም የማይናገረው ሐሰተኛ ቋንቋ አስቀድሞ ገብቶ በሩን ማስፋቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ወደ ኋላ ለቀረው ነው።

በእርግጥ ሐሰተኛ ትርጉም ሁሉን አይፈታም። ዓመታችን 13 ወር እንዳለው አያውቅም፤ «አንተ» እና «እርስዎ» መቼ እንደሚባልም አይለይም። ያ የእኛ የተናጋሪዎቹ ድርሻ ነው። ስለዚህ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚሁ ሙያ የተሠማሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም፣ ፕሮግራሙ ከማለቁ በፊት ይህ ፈተና ተደርጎ እንደሆነ ጠይቁ፤ አስጠይቁም። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።