የሁለቱ የዕጣን ዛፎች ነገር

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1821 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ከሰናር ተነሥቶ ዓባይን ሽቅብ ሲከተል፣ ፍሬዴሪክ ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ አብሮት ነበረ። ይህ ሰው ፋዞግሊን አልፎ፣ ከዛሬዪቱ አሶሳ በስተሰሜን ካለው የበርታ አገር ደርሶ ተመለሰ፤ በጉዞው ከሰበሰባቸውም ዕፀዋት መካከል ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ የሚወርድ የዕጣን ዛፍ ነበረና፣ የዕፀዋት ሊቁ ደሊል በ1826 «ፓፒሪፌራ» ብሎ ሰየመው፤ በ1843ም ጀርመናዊው ሆክስቴተር ቦስዌሊያ ከሚባለው ወገን ደመረው።

በዚሁ ወገን ውስጥ ሌላ ዘመድ አለው፤ እርሱም ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳ በ1911 ለመምህሩ ለፒሮታ መታሰቢያ የሰየመው ቦስዌሊያ ፒሮቴ ነው። ፊተኛው ከናይጄሪያ እስከ ኤርትራ ሲዘረጋ፣ ኋለኛው ግን ከኢትዮጵያ ምድር በቀር የትም የማይገኝ፣ እንደ ዓባይና ተከዜ ባሉ ሸለቆዎች ተወስኖ የሚኖር ነው፤ ስለዚህም የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ1998 ለመጥፋት ከተጋለጡት ጋር በቀይ መዝገቡ ጻፈው።

እንግዲህ አገሩ ሰፊ የሆነው ዛፍ ከሥጋት የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ2019 ፍራንስ ቦንገርስና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት እንዳስረዳው፣ በብዙ ሥፍራ ለዐሥርተ ዓመታት አዲስ ዛፍ አልተተካም፤ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተተንብዮአል። ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተውበት የሕፃን ድምፅ የማይሰማበት ቤት ምን ተስፋ አለው?

ምክንያቱም ብዙ ነው፦ ከብት ቡቃያውን ይግጣል፣ የበጋ እሳት ያቃጥለዋል፣ ጥንዚዛ ግንዱን ይቦረቡራል፣ ዱሩም ለእርሻ ይመነጠራል። ዕጣን አድሚውም ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ቅርፊቱን በስለት እየፋቀ፣ የወጣው ነጭ ወተት ሲደርቅ ለቅሞ፣ ያንኑ ቊስል እያሰፋ ደጋግሞ ያደማዋል፤ ያለ ዕረፍት የሚደማ ዛፍም ዘሩ ይደክማል።

ስለሆነም በመዝገብ መጻፍ ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ባለመጻፉም ደኅና ነው የሚባል የለም። በቤተ ክርስቲያን ማዕጠንት የሚያርገው መዓዛ እንዲቀጥል የምንሻ ሁሉ፣ የመተከልና የአሶሳ ቆላዎች ዛፎች በየጊዜው ከመድማት እንዲያርፉ፣ ቡቃያቸውም ከከብትና ከእሳት ታጥሮ ዛፍ እስኪሆን እንዲጠበቅ ማድረግ ግዴታችን ነው፤ ቆላውን የያዘው ገበሬም ከዕጣኑ ዋጋ ተገቢውን ድርሻ ካላገኘ ይህ ጥበቃ አይጸናም።