የሐረር ጀጎል ቤቶችና ጠባቂዎቻቸው

የአንድ ከተማ ታሪክ በብራና ላይ ብቻ ተጽፎ የሚቀመጥ አይደለም፤ በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨትም ይጻፋል። ብራና ቢያረጅ በሌላ ብራና ላይ ይገለበጣል፤ ቤት ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ በስፍራው የሚቆመው ሌላ ቤት ነው እንጂ የቀድሞው አይሆንም። ስለዚህ የቆየ ከተማ ያለው ሕዝብ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይኸውም እነዚህን ቤቶች ማን ይጠብቃቸው የሚል ነው። መንግሥት በሕግ፣ ሊቃውንት በጥናት፣ የዓለም ማኅበርም በመዝገብ ይጠብቋቸዋል ማለት የተለመደ መልስ ነው። የሐረር ጀጎል ታሪክ ግን ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የነበረ፣ ዛሬም ያልጠፋ ሌላ ጠባቂ መኖሩን ያስተምራል። እርሱም በየሰፈሩ በማኅበር ተሳስሮ የሚኖረው የከተማው ሰው ነው።

፩. ግንቡና ከተማው

ሐረርን የከበባት የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደ ታነጸ በአገሩ ሰው ዘንድ ይነገራል። ጊዜው የመከራ ጊዜ ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. ከወደቁ በኋላ ጦርነቱ አልበረደም፤ ዐፄ ገላውዴዎስም በ1551 ዓ.ም. ከአሚር ኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ሁለቱም ወገን በተዳከመበት በዚያ ዘመን ግንቡ ለከተማይቱ መጠጊያ ሆነ። በግንቡም ላይ አምስት በሮች ተከፈቱ፤ እነርሱም ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። የከተማው ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ በጌይ ሲናን አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪና አስማዲን በሪ ይሏቸዋል። የከተማው ሰፈሮችም በእነዚሁ አምስት በሮች ስም ይከፈላሉ።

በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መዘከሪያ ስፍራዎች ይቈጠራሉ። ከዚያም ወዲህ የመጣ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን አሻራ ትቶ ሄዷል። ግብጻውያን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው ቆዩ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ እጅ ስትገባ አገረ ገዥነቱ ለራስ መኰንን ተሰጠ፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም በከተማይቱ መካከል ቆመ። የህንድ ነጋዴዎችም የእንጨት ሰገነት ያላቸውን ፎቅ ቤቶች ሠሩ። እንግዲህ ጀጎል የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ወገን ሥራ ብቻ አይደለም። በአንድ ግንብ ውስጥ ብዙ ታሪክ ተጐራብቶ ይኖራል።

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደርሶ ሐረርን በጐን ትቶ ሲያልፍ የከተማይቱ ንግድ ተዳከመ። ይህ በጊዜው እንደ ጉዳት ተቈጠረ፤ ጉዳትም ነበር። ዳሩ ግን አዲሶቹ መጋዘኖችና ሰፋፊ መንገዶች በድሬ ዳዋ ሜዳ ላይ ሲሠሩ፣ የጀጎል ጠባብ መንገዶችና ጥንታውያን ቤቶች ከመፍረስ ተርፈው ቆዩ።

፪. የቤቱ አሠራርና የየዓመቱ ሥራ

የሐረሪ ቤት፣ በአገሩ ቋንቋ ጌይ ጋር፣ ከውጭ ሲታይ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ነው፤ ጣራውም ጠፍጣፋ ነው። ውበቱ ከውስጥ ነው። በዋናው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራና የክብር ሰው የሚቀመጥበት ነው፤ ጊዲር ነደባ ብዙ ሰው የሚይዘው ሰፊው መደብ ነው፤ የቀሩትም እንደ ዕድሜው፣ እንደ ክብሩና እንደ ቅርበቱ ለየሰው የተመደቡ ናቸው። ኪርታት የሚባለው ትንሽ ክፍል አዲስ ሙሽሮች የጫጕላ ቀናቸውን የሚያሳልፉበት ነው። ግድግዳው በኖራ ይነጣል፤ በሴቶች እጅ የተሰፉ ሰፌዶችና ሙዳዮችም ይሰቀሉበታል። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ይህም ቅላት በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ።

እንዲህ ያለው ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። የጭቃ ጣራ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ስንጥቁ ካልተደፈነና ካልተደመደመ ውኃ ያስገባል፤ ውኃ የገባበት ወራጅ ይበሰብሳል፤ ወራጁ የበሰበሰ ቤት ግድግዳውን ይዞ ይወድቃል። የኖራ ቅብ በየጊዜው ይረግፋል፤ ቀዩ አፈርም ይደበዝዛል። እንግዲህ የዚህ ቤት ዕድሜ የሚለካው በተሠራበት ዓመት ሳይሆን ተቀጥላው ሳይቋረጥ በታደሰባቸው ዓመታት ብዛት ነው። ግንቡን የአሚር ትእዛዝ አቆመው፤ ቤቶቹን ግን ያቆየው ስሙ ያልተጻፈ የብዙ ሰው እጅ ነው።

፫. አፎቻ፤ ስሙ ሌላ፣ ሥራው ጥበቃ

የሐረሪ ሕዝብ ኑሮ በሦስት ማሰሪያዎች ይያያዛል። አህሊ የሥጋ ዝምድና ነው፤ መሪኘት የባልንጀርነት ማኅበር ነው፤ አፎቻ ደግሞ የጐረቤቶች ማኅበር ነው። አፎቻ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ዕድር የሚባለውን ይመስላል፤ ወንዶችም ሴቶችም የየራሳቸው አላቸው። ዋና ተግባሩ ለሠርግና ለለቅሶ መድረስ ነው።

ለቤት ጥገና ተብሎ ያልተቋቋመ ማኅበር የጥንታዊ ቤቶች ጠባቂ እንዴት ሊባል ይችላል? ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርግም ለቅሶም የሚሆነው በቤት ውስጥ ነው፤ የአፎቻው ሰው መጥቶ የሚቀመጠውም በነደባው ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱ በጐረቤት ሁሉ ፊት የሚታይበት ቀን አለ። ጣራው የሚያፈስ፣ መደቡ የተቦረቦረ ቤት የባለቤቱን ስም ያስነሣል፤ ድግስ ሲቃረብም ኖራውና ቀይ አፈሩ ይፈለጋል። አቅም የሌለውንም ጐረቤቱ ያግዘዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚከብደው ለማኅበር ይቀላል። የአውሊያ ስፍራዎችም የየራሳቸው ጠባቂ አላቸው፤ እርሱ ስፍራውን ያጸዳል፣ ምእመኑም በዝየራ ጊዜ በገንዘብና በጕልበት ይረዳል።

በዚህ ዓይነት ጥበቃው ከኑሮው ተለይቶ የሚታይ ሥራ አልነበረም። ቅርስ የሚለው ቃል በሰው ሁሉ አፍ ከመግባቱ አስቀድሞ ቅርሱ ይጠበቅ ነበር።

፬. ማሰሪያው የላላበት ጊዜ

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቍጥር 47/1967 ወጣ። አዋጁ ብዙ ተከራይ ከከባድ ኪራይ እንዲያርፍ አድርጓል፤ ይህንን መካድ አይገባም። በጥንታውያን ቤቶች ላይ ግን ሌላ ውጤት አስከተለ። ትርፍ የተባለው ቤት የመንግሥት ወይም የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ አነስተኛ ስለ ሆነ ለእድሳት አይበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ አያወጣም፤ የቀድሞው ባለቤትም ሥልጣን የለውም። ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራ ቤትም ለብዙ ቤተ ሰብ ሲከፋፈል ነደባው ይፈርሳል፣ በመካከሉም ግድግዳ ይቆማል። ቤቱ ሰው አላጣም፤ ያጣው ባለቤት ነኝ ባይ ነው።

በዚሁ ላይ አዲስ ዕቃ መጣ። ቆርቆሮ በየዓመቱ መደምደም የማያስፈልገው ስለ ሆነ ከጭቃ ጣራ ይልቅ ተመረጠ፤ ሲሚንቶም ከኖራ ይልቅ ጠንካራ መስሎ ታየ። ነገር ግን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ እርጥበት የሚስብና የሚተነፍስ ነው። ኖራ ይህን እርጥበት ያሳልፈዋል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። የታፈነው እርጥበትም ጭቃውን ከውስጥ ያላላዋል፤ ከውጭ ያማረ የመሰለው ግድግዳ ከውስጥ ይሞታል። ይህን ያደረገውን ነዋሪ መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ክረምት በራሱ ላይ የሚያፈስበት ሰው ቆርቆሮ ቢሰቅል የልጆቹን መኝታ ማዳኑ እንጂ ታሪክ ማጥፋቱ አይደለም። ጥፋቱ ከነዋሪው ይልቅ፣ የተሻለውን ዘዴ እያወቁ ካላስተማሩትና ካልረዱት ዘንድ ነው።

፭. መልሶ ማሰር

የላላው ማሰሪያ እንደገና እንዲጠብቅ ያደረጉት መጀመሪያ የከተማው ልጆች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በየቤቱ ተበትነው የነበሩትን የእጅ ጽሑፎች፣ የአሚሮቹን ዘመን ገንዘቦች፣ አልባሳትና የቤት ዕቃዎች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ፤ የጥንቱን የመጽሐፍ መደጐስ ጥበብም መልሰው ሥራ ላይ አዋሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው፣ ታድሶ ወደ ተሰጣቸው ቤት ተዛወረ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ ዕቃው ቤት ማግኘቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱም ሥራ ማግኘቱን ነው። ባዶውን የታደሰ ቤት ዳግመኛ ይፈርሳል፤ ሥራ ያለው ቤት ግን በየቀኑ የሚያየው ዓይን አለው።

ሕግም ተጨመረ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲጠብቀውና ሳያስፈቅድ እንዳያድሰው ደነገገ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ጀጎልን በዓለም ቅርስ መዝገብ አሰፈረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሹዋሊድ በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። በዓሉ በአውሊያ ስፍራዎች የሚከበር ስለ ሆነ፣ የሕንጻውና የማኅበሩ ኑሮ የማይለያዩ መሆናቸውን ይህ ሁለተኛው ምዝገባ ይመሰክራል።

ዳሩ ግን መዝገብ ጣራ አይሆንም። ለዚህም የምሥራቅ አፍሪካ ሌላዋ የቆየች ከተማ ዛንዚባር ምስክር ናት። የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በዚሁ የዓለም መዝገብ ገብታለች። ሆኖም በዚያች ከተማ ሡልጣን ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሠሩት፣ የድንቆች ቤት የሚባለው ታላቅ ሕንጻ፣ በእድሳት ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2020 ከፊሉ ተደረመሰ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ሕንጻው ስም አላነሰውም፣ መዝገብም አላነሰውም። የዘገየ ጥገና ግን ዝናን አይፈራም።

፮. የመምህራን ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ጥንታዊ ቤት የሚቆየው ባለቤት ነኝ የሚል ሰው፣ ባለቤቱን የሚያይ ጐረቤትና ጥበቡን የሚያውቅ እጅ በአንድነት ሲገኙ ነው። ሕግና መዝገብ እነዚህን ሦስቱን ያግዛሉ እንጂ አይተኩም። ከሦስቱም ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው ጥበቡ ነው። ጣራ መደምደም የሚያውቀው አናጺና ግንበኛ፣ መደብ መቀባት የምታውቀው እናት ሳያስተምሩ ካለፉ፣ ገንዘብ ቢገኝ እንኳ የሚሠራ አይገኝም።

ለዚህም ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ስለ አሚር ኑር ካስተማረ በኋላ፣ እያንዳንዱ የሰፈሩን አንድ ቤት እንዲሥልና የየክፍሉን ስም ከአያቱ ጠይቆ እንዲጽፍ ሊያደርግ ይችላል። የሳይንስ መምህር በኖራና በሲሚንቶ የተቀቡ ሁለት የጭቃ ጡቦችን አርሶ ልዩነታቸውን በዓይን ያሳያል። የሒሳብ መምህር የግድግዳ ውፍረትና የጣራ ስፋት ያስለካል። የቋንቋ መምህር የሽማግሌ ግንበኞችን ቃል ያስጽፋል። የትምህርት ሹማምንትም በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ለእንዲህ ያለው የአካባቢ ጥናት ሰዓት ቢመድቡለት፣ ከማሠልጠኛው የሚወጣው እያንዳንዱ መምህር የሚደርስበትን ከተማ ማንበብ የሚችል ይሆናል። ይህም በሐረር ብቻ አይወሰንም፤ በጎንደርም፣ በአክሱምም፣ በየትኛውም የቆየ ከተማ ይሠራል።

የሐረር ሰው ከተማውን ጌይ ብሎ ይጠራል፤ ትርጓሜውም ከተማ ማለት ነው። ከተማው ለእርሱ የተለየ ስም ሳያስፈልገው ሁሉ የሚኖርበት ስፍራ ነበረ። ተማሪው እንደ እንግዳ አገር የሚጐበኘው ሳይሆን እንደ ገዛ ቤቱ የሚያውቀው ከተማ ካለው፣ የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት ወደ ጣራው ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አይጠፋም።