ዘመነ አብርሆትና የእድራችን መዝገብ

የልጅ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት በሚመጡት የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ «ዘመነ አብርሆት» የሚባል ነገር አለ። በአውሮፓ ከዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተነሡ ፈላስፎችን የሚመለከት ነው። ልጆቹ ሎክ፣ ቮልቴር፣ ሞንቴስኪዩ፣ ሩሶ እያሉ ስሙን ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ሰዎቹ ምን ነክቷቸው እንዲህ ያለ አሳብ እንዳመጡ ግን ሲጠየቁ ዝም ነው። እኛም ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍን፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ብንሆንም ነገሩን ከሥሩ ለማየት ብለን ያገኘነውን ሁሉ አነበብን። ይህ ለእድር መጽሔት ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር፣ ያገባዋል። ነገሩ የሚጀምረው ከጎረቤት ጠብና ከሬሳ ነው። ደግሞም በአባላት መዝገባችን ላይ ተነሥቶ ለጠቅላላ ጉባኤ የተቀጠረው ጉዳይ ከዚሁ ጋራ ስለሚገናኝ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

እንግዲህ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1648 ድረስ የሠላሳ ዓመት ጦርነት የሚባል እልቂት ሆኗል። ሌላም ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ቢሆንም ካቶሊክና ፕሮቴስታንት እየተባባለ የአንድ አገር ሰው እርስ በርሱ ተላለቀ። በዚያው ዘመን በእኛም አገር እሳት ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲከተል በግድ ተባለ። ገበሬው ሸፈተ፤ ደም እንደ ውኃ ፈሰሰ። በመጨረሻም ንጉሡ ሰው አለቀብኝ ብለው በሰኔ 1624 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1632፣ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ የሚል ዐዋጅ አስነገሩ። ልጃቸው ፋሲለደስም ነገሡ፤ ሱስንዮስ ብዙም ሳይቆዩ በዚያው ዓመት ሞቱ።

በዚህ መካከል ነው የአክሱሙ ሰው የዘርዐ ያዕቆብ ታሪክ የሚመጣው። «ሐተታ» በተባለው መጽሐፍ ላይ እንደ ተጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. ከድኻ ገበሬ ተወለደ። ዜማ ቢሞክር ድምፁ ሻካራ ሆኖ አልሆነለትም፤ ቅኔና የመጻሕፍትን ትርጓሜ ግን ጠንቅቆ ተማረ። ኋላም በአክሱም መምህር ሆነ። ሲያስተምር ፈረንጆች ይህን ቃል እንዲህ ብለው ይፈቱታል፣ ግብጾች ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያስረዳ ነበር እንጂ ይኼኛው ደግ ነው ያኛው ክፉ ነው አይልም። ታዲያ ምን ሆነ? ለፈረንጆቹ የግብጽ ወገን፣ ለግብጾቹ የፈረንጅ ወገን መስሎ ታየ። መካከል ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱም በኩል ድንጋይ እንደሚያገኘው ዓይነት ነው፤ ይኼንን እናንተም የምታውቁት ነው። አንድ ጠላቱ ለንጉሥ ከሰሰው። እርሱም ጥቂት ወርቅና የዳዊት መዝሙር ይዞ ተሰደደና በተከዜ በኩል በአንድ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

በዋሻው የጠየቀው ጥያቄ ዛሬም አልቀዘቀዘም። ሁሉም ሰው የእኔ ሃይማኖት እውነተኛ ነው፣ የሌላው ሐሰት ነው ይላል፤ ፈራጁ ማን ይሁን? ፈራጅ የምናደርገው ሰው ራሱ የአንዱ ወገን ነው። እንግዲህ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ ያለ ልዩነት የሰጠው ልቡና ስላለ በዚያ መመርመር ነው የሚል መልስ ላይ ደረሰ። ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው፤ ሰውን እንደ ከብት መሸጥ መለወጥ ከፈጣሪ የመጣ ሕግ አይደለም፤ ባልና ሚስትም እኩል ናቸው ይላል። እርሱ ራሱ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራንዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ሲቀመጥ የቤቱን አገልጋይ ሂሩትን ባገባት ጊዜ ገረድ ትሁነኝ አላለም። መጽሐፉ ስለ ጾም፣ ስለ ምንኩስናና ስለ ሌላም የሚለው ነገር አለ፤ ያንን ብናወጣው ቄሱም ሼኹም በአንድነት ይቆጡናልና ለራሳችሁ አንብቡት ብለን እናልፈዋለን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መሰወር የለብንም። መጽሐፉን በእርግጥ የጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ ነው ወይ የሚል ክርክር አለ። የሐተታው ጽሑፍ ወደ አውሮፓ የሄደው በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን በነበረው በጣሊያናዊው የካቶሊክ መነኩሴ በጁስቶ ዳኡርቢኖ እጅ ነው፤ እርሱም ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ ላከለት፤ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ፣ ይህንን የጻፈው ራሱ ዳኡርቢኖ ነው አለ። የመነኩሴው የልጅነት ስምም ያዕቆብ ማለት ነበር። ለብዙ ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ ብዙ ደክመው መርምረው፣ የለም የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህም ሊቃውንቱ ሁለት ወገን ሆነው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በመዝገብ ቤት ሥራ እንደምናውቀው፣ ዋናው ሳይገኝ ግልባጭ ብቻ የቀረበ እንደ ሆነ፣ ግልባጩም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ጸሐፊ «ይታይ» ብሎ ያስቀምጠዋል እንጂ ማኅተም አይመታበትም። እኛም በበኩላችን «ይታይ» ብለነዋል። ሆኖም አሳቡ የማን ይሁን የማን፣ የሱስንዮስ ዘመን እልቂት እውነት ነው፤ ጥያቄውም እውነት ነው።

ወደ አውሮፓ እንመለስ። ሱስንዮስ ዐዋጁን ባስነገሩበት በዚያው በ1632 በእንግሊዝ አገር ጆን ሎክ ተወለደ። ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ስለ ሃይማኖት መቻቻል የጻፈው ደብዳቤ በላቲን ታተመ። ዋና አሳቡ ቀላል ነው። መንግሥት የቆመው የሰውን ሕይወት፣ ነፃነትና ንብረት ለመጠበቅ ነው፤ እምነት ግን በልብ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ በጅራፍ አይገባም፣ በጅራፍም አይወጣም። ተገድዶ የሰገደ ሰው አመነ አይባልም፤ ፈራ ይባላል እንጂ። ደግሞም መንግሥት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሕዝብ ፈቃድ ነው አለ። ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ ሎክ ራሱ እግዚአብሔር የለም የሚሉትንና ለባዕድ አለቃ ያደሩ ናቸው የሚላቸውን ካቶሊኮች ከዚህ መቻቻል አውጥቷቸዋል። በባሪያ ንግድ በሚሠራ ኩባንያም ገንዘብ ነበረው። ብርሃን አመጣ የተባለ ሰው ሁሉ በራሱ ቤት ጨለማ አላጣም።

አሁን ደግሞ እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካንን ታሪክ እናምጣ። በፈረንሳይ አገር፣ ቱሉዝ በምትባል ከተማ፣ ዣን ካላስ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። እርሱ ፕሮቴስታንት፣ ከተማው ካቶሊክ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1761 አንድ ማታ ማርክ አንቷን የተባለው ልጁ እዚያው በሱቁ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ልጁ ራሱን ሰቅሎ ነበር። በዚያ ዘመን ሕግ ራሱን የገደለ ሰው ሬሳው በመንገድ ላይ ይጎተታል፣ በክብርም አይቀበርም። ቤተሰቡ ይህን ውርደት ፈርቶ መጀመሪያ ላይ ራሱን ሰቀለ አላለም፤ ሰው ገደለው አለ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ የመጣው። ደጅ ላይ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አንዱ፣ ልጁ ካቶሊክ ሊሆን አስቦ አባቱ ገደለው ብሎ ጮኸ። ያ ጩኸት በአንድ ሌሊት ከተማውን አዳረሰ። ልጁን ካቶሊኮች እንደ ሰማዕት በታላቅ አጀብ ቀበሩት። አባቱ ግን ማስረጃ ሳይኖር ተፈርዶበት በመጋቢት 1762 አጥንቱ በብረት እየተሰበረ ተገደለ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ንጹሕ ነኝ ይል ነበር።

አባሎች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልን። የሬሳ ክብር ማጣት ፍርሃት አንድን ቤት ሐሰት አናገረ፤ ሐሰቱም አባትን አስገደለ። ሐዘንተኛው ቤት የሚያምነው ጎረቤት አጥቶ ነበር፤ ሙሉ ነገሩን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚቀብርለት ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያ አይደርስም ነበር ብለን እናስባለን።

ቮልቴር የተባለው ጸሐፊ ይህንን ሲሰማ ዕድሜው ስድሳ ሰባት ነበር። ከጡረተኛ የሚጠበቀው አርፎ መቀመጥ ነው፤ እርሱ ግን ምስክር አሰባሰበ፣ ለሹም ለመኳንንቱ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፈ፣ ጠበቃ አቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ1763 ስለ መቻቻል መጽሐፍ አሳተመ። በመጨረሻ በመጋቢት 1765 ፍርዱ ተሽሮ ካላስ ንጹሕ ተባለ፤ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፋይል ይዞ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው ሁሉ ይህ ምን ያህል ልፋት እንደ ሆነ ያውቀዋል። ቮልቴር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1778 በፓሪስ ሲሞት፣ ካህናቱን ሲነቅፍ ኖሯልና የከተማው ቤተ ክርስቲያን አልቀብርም አለው። ዘመዶቹ ሬሳውን በሠረገላ ሰውረው ከከተማ ርቆ በሚገኝ ገዳም አስቀበሩት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ፣ አውጥተው በሕዝብ አጀብ ፓሪስ መልሰው ቀበሩት።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። ሞንቴስኪዩ እ.ኤ.አ. በ1748 በጻፈው መጽሐፍ ሕግ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመውና የሚፈርደው አንድ እጅ ከሆነ ነፃነት የለም አለ። ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ሰብሳቢው ገንዘብ ያዥ፣ ገንዘብ ያዡም ተቆጣጣሪ እንዳይሆን በደንባችን የከለከልነው ስለዚሁ ነው። ሩሶ በ1762 ማኅበር የሚቆመው በአባሎቹ ስምምነት ነው፣ ሁሉም ለሁሉ በእኩል ይገዛል አለ፤ ይኼም ቢሆን የእድር ደንብ ለፈረመ ሰው እንግዳ አይሆንም። ጀርመናዊው ካንት ደግሞ በ1784 አብርሆት ማለት ምን ማለት ነው ለሚለው ጥያቄ ሲመልስ፣ ሰው በስንፍናና በፍርሃት ልቡናውን ለሌላ አከራይቶ መኖሩን መተው ነው ብሎ ጻፈ። ይኸው ካንት ስለ ጥቁር ሕዝብ የጻፈው ነገር ግን የሚያሳፍር ነው። ልቡና ለሁሉ ተሰጥቷል የሚለውን የሐተታውን ቃል ቢያነብ ኖሮ ምን ይል ነበር እንላለን።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳይባል የቅርቡንም እናንሣ። የእኛ ይፋት ከጥንት ጀምሮ እስላሙም ክርስቲያኑም የኖረበት፣ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙበት፣ ኋላም የነገሥታቱ ጦር የተመላለሰበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ሃይማኖት አንድ ይሁን ተባለ፤ የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ብዙው ሕዝብ ግን ሸሸ፣ ሸፈተም፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖም ኖረ። ሎክ በጅራፍ አይገባም ያለው ይኸው ነው፤ መጽሐፉን ግን በዚህ አገር ያነበበው አልነበረም።

እንግዲህ ወደ መዝገባችን። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል የአባላት መዝገባችንም አብሮ ነዷል። ሰው ከተሰደደበት ሲመለስ በየአባሉ እጅ ከተረፈው የክፍያ ደብተርና ከሽማግሎች ቃል እንደ ገና ጻፍነው። አሁን አንዳንድ አባሎች ያቀረቡት አሳብ በአዲሱ መዝገብ ላይ ሃይማኖትና ብሔር የሚጻፍበት ዓምድ ይጨመር፣ ውሎ አድሮም እድሩ በዚያው ይከፈል የሚል ነው። ይህን ያሉትን አንወቅስም፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። የእኛ ድምፅ ግን አይጨመር ነው። መዝገብ ይዘን ስለ ኖርን እናውቀዋለን፤ ዓምድ ከተከፈተ ሳይሞላ አይቀርም፣ ከተሞላ ሳይቆጠር አይቀርም፣ ከተቆጠረም አንድ ቀን በማይሆን እጅ ይገባል። ያ የቱሉዙ ጩኸት የተጮኸው ማን ምን እንደ ሆነ ከተማው አስቀድሞ ለይቶ ስለ ያዘ ነው።

ለሥራችንም ቢሆን ዓምዱ አይጠቅመንም። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው የሚለፍፈው ስሙንና ቤቱን ነው። ቄስ ይጠራ ወይስ ሼኽ፣ ፍትሐት ነው ወይስ ጀናዛ፣ ቀብሩ ዛሬውኑ ነው ወይስ ነገ የሚለውን በዕለቱ ሐዘንተኛው ቤት ለተረኛው ይነግረዋል፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው የሠራነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ብርጭቆው ለሁሉም አንድ ነው፤ መዋጮውም አንድ ነው። ቀባሪና ቆፋሪ የሚወጣው በተራ ቁጥር ስለሆነ በመዝገቡ ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የቤት ቁጥር፣ የወር ክፍያ። ስድስተኛ ዓምድ የግድ ያስፈልጋል ከተባለ፣ ለእሳት ጊዜ እንዲሆን የመዝገቡ ሁለተኛ ግልባጭ በማን ቤት እንደ ተቀመጠ ይጻፍበት።